የዘምዘም መኳያ

ከትዳሬ ያስወጣችኝ የባሌ ታላቅ እህት ዘምዘም ናት። ዘመኑን በቁጥር አልይዘውም። የቦርከና ወንዝ ከልኩ አልፎ የጨፋን ማሽላ አስተኝቶት የሄደበት ክረምት ምልክቴ ነው፤ እኔ የተባረርኩት በተከታዩ ዓመት፣ ዐረፋ በዋለ በሳምንቱ ነው። ስሟን የምጽፈው ሰው እንዲያውቀው ብዬ ነው። የሚቀርቡኝ ሰዎች «አፉ በያት፣ አሁንማ አሮጊት ሆናለች» ይሉኛል። እኔስ ልጃገረድ ነኝ እንዴ? እርጅና ወንጀልን የሚያጥብ ቢሆን ኖሮ እሷም እኔም እስካሁን በጸዳን ነበር።

ባለፈው ወር የዓይን ሐኪሞች ወደ ከሚሴ መጥተው ነበር። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የዞረበትን ሰው በነጻ ያክማሉ ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። እኔ የሄድኩት ለራሴ ነው፤ የግራ ዓይኔ ሞራ ጀምሮታል። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ከዛፉ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ተቀምጠዋል። አንዲቷ ነርስ ከቱቦ ቢጫ ቅባት እየጨመቀች በየዓይናቸው ታደርጋለች። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ልቀመጥ ስል ባለሁበት ቆምኩ። ቅቤም አይደል፣ ላስቲክም አይደል፣ መድኃኒትም አይደል፤ የሦስቱም ቅልቅል ነው። ያንን ሽታ በሕይወቴ የማውቀው ከአንዲት ሕፃን ፊት ላይ ነው። ቀና ስል አጠገቤ የተቀመጠችውን አየኋት። ዘምዘም ናት፤ አገጯ ላይ ካለው ጠባሳ አወቅኳት። እሷ አላወቀችኝም። ዓይኗ ደፍርሶ የተነካ የኩሬ ውኃ መስሏል።

«አካም ጅርታ፣ እህቴ? ነጋ?» አለችኝ በኦሮምኛ፤ ደህና ነሽ ወይ ማለቷ ነው።

«ነጋ» አልኳት።

«ከየት ነሽ?»

«ከጨፋ ሮቢት።»

«ኧረግ! ከዚያ አገር አንዲት ምራት መጥታብን ነበር። አላህ እንዲህ ያለውን አያሳይሽ።»

«ምን ሆነች?»

«እሷማ ምን ትሆናለች! እኛን ነው ጉድ የሠራችን። ዓይኗ ነው። ያየችው ሁሉ ይቃጠላል። የኔን ልጅ ዓይን በላችው። የወንድሜን ልጅ፣ የገዛ ሆዷን ፍሬ፣ አንድ ዓይኗን በላቻት። ቡዳ ዘመድ የለውም፣ እህቴ።»

«አሁን የት ናት?»

«ሞታለች አሉ።»

«አላህ ይዘንላት» አልኩ።

«ለሷ? ተይ እባክሽ!» ብላ ፊቷን አዞረች።

ማንነቴን አልነገርኳትም፤ ዝም ማለት ከዚያ ቤት የተማርኩት ነው።

የዚያን ጊዜዋ ከሚሴ እንዲህ አልነበረችም። ዛሬ ባጃጁ ጥሩምባውን እየነፋ መንገድ ያሳጣል፣ በየደረጃው ስልክ ጠጋኝ ተቀምጧል። ያኔ ከተማዋ ማለት አንድ መንገድና በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉ በረንዳዎች ነበረች። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚያልፉ የጭነት መኪኖች ጥላ ፈልገው ይቆማሉ፤ ሾፌሮቹ ጎማ በውኃ እስኪያቀዘቅዙ ልጃገረዶች ፓፓያና ሎሚ በሳህን ይዘው ይከቧቸዋል። ሎሚ በአምስት ሳንቲም እፍኝ ሙሉ ነበር። በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊዎች የእግር መኪናቸውን ሲረግጡ ድምፁ ከርቀት ይሰማል። በባቲ በኩል በግመል የመጣ የናይለን ሻሽ የገባ ሰሞን፣ ብርቱካን ቀለሙን ያላሰረች ሴት ቤቷ ትደበቅ ነበር። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ሰይድን ሳገባ ብርቱካኑን አሰሩልኝ። ሰይድ የመኪና ረዳት ነበር፣ በኋላ ሾፌር ሆኗል። ረዥም፣ ለሰው ሁሉ ሳቂታ፣ ለእህቱ ግን እንደ ሕፃን ታዛዥ። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ቤቱን የምትገዛው ዘምዘም ነበረች። ባሏ ሞቶባት ልጇን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። እኔ «እትዬ» እላታለሁ። ስሟን መጥራት ነውር ነበረ።

በሠርጌ ቀን የኳለችኝ እሷ ናት። ያ ቤት አንድ የኩል ቀንድ ነበረው፤ የፍየል ቀንድ ነው፣ አፉ በቆዳ የተወተፈ። ኩሉ ራሱ ከባቲ ገበያ ይመጣል፤ ድንጋዩ ይወቀጣል፣ ይነፋል። መኳያው ግን የባቲ አልነበረም። አባታቸው ሐጅ አድርገው ሲመለሱ ከመካ ያመጡት የናስ ዘንግ ነው፣ ከትንሽ ጣት የማይረዝም፣ ጫፉ የተሞረደ። ይኼ መኳያ አይታጠብም። ከታጠበ በረካው ይሄዳል። ሙሽራ ትኳልበታለች፣ አራስ ትኳልበታለች፣ ሕፃን በሰባት ቀኑ ይኳልበታል፣ ለዒድና ለዐረፋ የቤቱ ልጅና የጎረቤት ልጅ ተሰልፎ ይኳልበታል። ከአንዱ ዓይን ይወጣል፣ ቀንዱ ውስጥ ይነከራል፣ የሚቀጥለው ዓይን ውስጥ ይገባል። ዓይኑ የታመመ ልጅ ካለ ደግሞ እሱ በቅድሚያ፣ ደህና ተደርጎ ይኳላል፤ ኩል መድኃኒት ነውና። በሠርጌ ቀን ልጃገረዶቹ እያጨበጨቡ እንዲህ አሉ፦

ዓይኗን ተኳለችው በመካ መኳያ፣
ባቲ ይዘጋ እንጂ ምን ሊሆን ገበያ።

ደስ ብሎኝ ነበር። መኳያው ቀዝቃዛ ነበር። ያንን ቅዝቃዜ እስካሁን አልረሳሁትም።

ዘምዘም ጧት ጧት ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይዛ ትቀመጥና ወረንጦዋን ከአንገቷ ፈትታ ሽፋሽፍቷን ትነቅላለች። አንዱን ነቅላ ጣቷ ላይ ታያለች፣ ቀሚሷ ላይ ትጠርገዋለች። ገና ወጣት ናት፣ ዓይኗ ግን ሁልጊዜ እንባ ያዘለ ነበር። ልጇ አወል ሲነሳ ዓይኑ ተጣብቆ፣ በምራቋ አርሳ በነጠላዋ ጫፍ ትከፍትለታለች። በዚያው ጫፍ የጎረቤቱን ልጅ አፍንጫ ትጠርጋለች። በዚያው ጫፍ የራሷን እንባ። ዝንቡ በልጆቹ ዓይን ጥግ ውኃ ዳር እንደቆመ ከብት ተደርድሮ ይጠጣል፣ ልጆቹም ለምደውት እጃቸውን እንኳ አያነሱም። ይኼ ሁሉ ምን ነው ቢባል «ነፋስ ነው»፣ «ምች ነው»፣ «ዓይን ነው» ይባላል። ሁሉም ቤት እንዲህ ስለሆነ በሽታ አይመስልም ነበር። የልጅ ዓይን ማለት እንዲህ ያለ ነገር ነው ብለን ነው ያደግነው።

ሰዓዳን ወለድኩ። በሰባት ቀኗ ስም ወጣላት፣ ፍየል ታረደ፣ አክስቷ ኳለቻት። ስትኳላት ራሴ ነኝ ጭንቅላቷን የያዝኩት። ጥርስ ሳታበቅል ዓይኗ ቀላ። ይሻላትና ይመለስባታል፣ ይሻላትና ይመለስባታል። ጡት በጣለች ሰሞን፣ ከዐረፋው ቀደም ብሎ፣ አንድ ጧት ሁለቱም ዓይኖቿ ተጣብቀው አልከፈት አሉኝ። እንደ ድመት ግልገል ጮኸች። ሰይድ መንገድ ላይ ነበር። ማንንም ሳላስፈቅድ አዝያት ክሊኒክ ሄድኩ።

በክሊኒኩ የሚያክመው ድሬሰር ካኪ ጋውን የለበሰ፣ የወሎ ሙስሊም፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር። የሰዓዳን የዓይን ቆብ በክብሪት እንጨት ገልብጦ ውስጡን አሳየኝ። እንደ በለስ ውስጥ ፍሬ ፍሬ ያለበት ቀይ ነበር።

«ዓይኗን በምን ትጠርጊያታለሽ?»

የነጠላዬን ጫፍ አሳየሁት።

«በዚህ ዛሬ ስንት ልጅ ጠረግሽ?»

ጫፉን በመዳፌ ደበቅኩት።

«ማን ኳላት?»

«አክስቷ።»

«ሌላስ ማንን ትኳላለች?»

«ሁሉንም።»

«በአንድ መኳያ?»

«የመካ ነው» አልኩት።

«የመካም ቢሆን ይታጠባል እንጂ!» አለ። «ስሚኝ፣ እህቴ። ይኼ ነገር ከሰማይ አይወርድም። ከታመመ ዓይን ተነስቶ ወደ ጤነኛ ዓይን ነው የሚሄደው። በራሱ መሄድ ስለማይችል በዝንብ ይሄዳል፣ በጣት ይሄዳል፣ በጨርቅ ይሄዳል፣ በኩል ዘንግ ይሄዳል። በዓይን የማይታይ ነው፣ ግን ሕይወት አለው። አንድ ጊዜ ታማ ብትድን አትታወርም። መመላለሱ ነው የሚያሳውራት። በተመላለሰ ቁጥር ቆቡ ውስጥ ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳው ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ሽፋሽፍቱ ሲፍቀው ሲፍቀው ብሌኑ ይነጣል። ገባሽ?»

ገባኝ። ደጃፍ ላይ ወረንጦ ይዛ የምትቀመጠው ዘምዘም ፊቴ ድቅን አለች። የሴቶቹ ሁሉ እርጅና ፊቴ ድቅን አለ። ሰዓዳም ከነዚያ መካከል ነበረች።

ቢጫ ቅባት ሰጠኝ። የራሷ ውኃ፣ የራሷ ጨርቅ ይሁን፤ ፊቷ ይታጠብ፣ ዝንብ አይረፍባት አለኝ። ከቀሚሴ ጫፍ አቡጀዴ ቀድጄ ለብቻዋ ጨርቅ አደረግኩላት። በጣሳ ውኃ ለይቼ አስቀመጥኩ። በየቀኑ ቅባቱን አደረግኩላት። ዐረፋ ሲደርስ የልጄ ዓይን እንደ ወተት ነጭ፣ እንደ ኑግ ጥቁር ሆኖ ጠርቶ ነበር። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ የልጅ ዓይን ታይቶ አይታወቅም።

የዐረፋ ጧት ዘምዘም ቀንዱን ይዛ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። የሰፈሩ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ገቡ። አወል ዓይኑ መግል ቋጥሮ ስለነበር እሱን አስቀድማ ኳለችው፣ ከዚያ የጎረቤቱን፣ ከዚያ የሌላውን።

«ሰዓዳን አምጫት።»

«ዛሬ አትኳል፣ እትዬ።»

«ምን አልሽ?»

«ሐኪሙ ነው። መኳያው ከታመመው ልጅ ዓይን ወጥቶ ደህናው ዓይን ሲገባ በሽታውን ይዞት ይሄዳል አለ። ይታጠብ፣ በሳሙና ታጥቦ ትኳል።»

ዘምዘም መኳያውን ወደ ሴቶቹ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ሰማችሁ? የአባቴን የሐጅ በረካ በሳሙና! አንቺ፣ ሳሙና ያየሽው እዚህ ቤት ገብተሽ አይደል?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ልጄን ነጠላ አልብሼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ከኋላዬ ስትናገር እሰማታለሁ፦ «ይኼ የልጅ ፍቅር አይደለም። ሌላ ነገር አለው።»

ሌላው ነገር ምን እንደሆነ በሳምንቱ ታወቀ። የአወል ዓይን ባሰበት፤ የጎረቤቶቹም ልጆች ዓይናቸው ቀላ። በአንድ መኳያ ተሰልፈው የተኳሉ ልጆች አብረው ቢታመሙ ምን ይገርማል? ዘምዘም ግን የሰፈር ሽማግሌዎች ሰብስባ ፊታቸው ቆማ የተናገረችው ይኼን ነው፦ «የሁሉ ልጅ ዓይን ሲቀላ የሷ ልጅ ብቻ እንዴት ጠራ? ንገሩኝ! በሽታውን ከልጇ አንስታ በኛ ልጆች ላይ ጣለችው።» ያዳንኩት ዓይን ምስክር ሆኖ ቆመብኝ። ድሬሰሩን ጥሩልኝ አልኩ። አንደኛው ሽማግሌ «እኛ የመጣነው ስለ ቡዳ ነው፣ ስለ ክሊኒክ አይደለም» አሉ። ሰይድ መሬት መሬት ያይ ነበር። «ፋጡማ» አለኝ፣ «ለጊዜው አባትሽ ቤት ሂጂ።» «ልጄስ?» «ልጅቷ የቤቱ ናት። ጡት ጥላለች።» ለጊዜው ያለው እስከ ዛሬ ነው። ብርቱካን ሻሼን አስረው በር ላይ አስቀመጡልኝ፤ ሌላው ልብሴ ዓይኔ ያደረበት ነው ብለው አቃጠሉት።

አንድ ነገር በኋላ ከጎረቤት ሰማሁ። እኔ በወጣሁ ማግስት ዘምዘም ከትራሴ ሥር የተረፈውን ቢጫ ቅባት አግኝታ ለአወል ቀባችው። ለሰዓዳ አይደለም፣ ለአወል። እንግዲህ በቅባቱ እሷም ታምን ነበር። ዓይኑ ተሻለው። ዓርብ ደርሶ፣ ጁምዓ ነው ብላ በዚያው መኳያ መልሳ ኳለችው። ይኼን ይቅር የሚል ሰው ካለ እሱ አፉ ይበላት፤ እኔን አትጠይቁኝ።

ከሚሴ የገበያ ቀን ሲሆን ቅቤ ይዤ እመጣና ሰዓዳን ከሩቅ አያት ነበር። ሁልጊዜ የተኳለች ናት። ከኩሉ ሥር ዓይኗ ቀይ ነው። አንድ ቀን ብቻዋን አገኘኋት፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሸንኮራ ገዝቼ ተጠጋሁ። በሻሿ ጫፍ ሁለት ዓይኗን ሸፍና «ና ሂን ኢላሊን!» ብላ ጮኸች፤ አትዪኝ ማለቷ ነው። አክስቷ እንዲህ አስተምራታለች፦ እናትሽ ስትመጣ ዓይንሽን ሸፍኚ። ያ የሸፈነችበት የሻሽ ጫፍ ራሱ፣ ስንት ፊት የተጠረገበት፣ በሽታውን ያመላልስባታል። በእነሱ ቃል ግን እኔ ከዚህ ቆሜ ዓይኗን እየበላሁት ነው። ሸንኮራውን መሬት አስቀመጥኩላትና ሄድኩ። ዞሬ ሳይ አላነሳችውም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ባል አግብቼ ነበር፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። ሰይድ መንገድ ላይ ሞተ። ሰዓዳ ባቲ ተዳረች። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች በኋላ አንድ ከሰዓት በሬን አንኳኳች። አንገቷ ላይ ወረንጦ ተንጠልጥሏል። ቀኝ ዓይኗ ነጥቷል፣ ግራው ያለቅሳል። «እማ» አለችኝ፣ «ያለ ሰው አይነቀልልኝም። አክስቴ ደግሞ እሷም አታይም።» ጉልበቴ ላይ አስተኛኋትና ሽፋሽፍቷን አንድ በአንድ ነቀልኩላት። ፊቷን በቅርብ እንዳየው ስትፈቅድልኝ ያ ቀን የመጀመሪያው ነበር። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ የግራው ቆብ ተሰፍቶ ዓይኗ ተረፈ። የነጣው አልተመለሰም፤ አይመለስም። ልጇን ግን በራሱ ጨርቅ አሳደገች። የሷ ልጅ አርባ ሜትር ላይ ያለ መርፌ ያያል ብዬ ብፎክር አይበዛብኝም።

ወደ አግዳሚው ልመለስ። ለእኔ ሞራው ገና አልበሰለም፣ ሌላ ጊዜ ነይ አሉኝ። ለዘምዘም ሁለቱንም ቆብ ሰፉላት፣ ሁለቱንም ዓይን በፋሻ ሸፈኑ። ያመጣቻት የልጅ ልጇ ምሳ ላድርስ ብላ ሄዳ አልተመለሰችም። ነርሷ «ይቺን እናት ወደ ቤት የሚያደርስ አለ?» ስትል ማንም አልተነሳም። እኔ ተነሳሁ። ለምን እንደተነሳሁ ራሴን አልጠየቅኩም፤ ቤቱን ማየት ፈልጌ ሊሆን ይችላል። በክንዷ ያዝኳት። ክንዷ ከእንጨት ቀጥኗል። በመንገድ ላይ ስትመርቀኝ መጣች፦ «አላህ ዓይንሽን አይንሳሽ።» እኔም «አሚን» አልኩ።

ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል፣ ግቢው ግን ያው ነው። ጓዳ ውስጥ አራስ ተኝታለች፣ የአወል ልጅ ናት፤ ምሳ ላድርስ ያለችው እህቷ ማድቤት ስትሯሯጥ ድምጿ ይሰማል። ሕፃኗን ተጎንብሼ አየኋት። ሴት ናት። ዓይኗ ገና ንጹሕ ነው፣ ምንም አልነካውም።

ዘምዘም አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እጇን ወደ ግድግዳው ዘረጋች። «እህቴ፣ ጀዛከላህ፣ ካስቸገርኩሽ አይቀር፣ እዚያ ሳጥን አናት ላይ ቀንድ አለ፣ አውርጂልኝ። ነገ የሕፃኗ ሰባት ቀን ነው። እኔ ባላይም እጄ ያውቀዋል፣ ራሴ እኳላታለሁ። የመካ መኳያ ነው፣ አባቴ ያመጣው።»

«ታጥቦ ያውቃል?» አልኳት።

«ምን?»

«ታጥቦ ያውቃል ወይ?»

«የመካ ነው አልኩሽ እኮ።»

ቀንዱን አወረድኩ። ውታፉን ነቀልኩት። መኳያውን አወጣሁ፤ እንደ ድሮው ቀዝቃዛ ነበር። ወደ ጓሮ ወጥቼ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ኩሉን ከኋላው ገለበጥኩበት። ተመልሼ ባዶውን ቀንድ እጇ ላይ አኖርኩት። ጣቷን ከትታ ፈለገች።

«መኳያውስ?»

«ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ነው።»

«ማን ነሽ አንቺ?» አለች። «የማን ነሽ?»

«የሰዓዳ እናት ነኝ።»

ጮኸች። አራሷ ከጓዳ «ምንድን ነው?» አለች። መኳያው እንደሌለ፣ ልጇን ለብቻዋ በተለየ ውኃና ጨርቅ እንድታጥባት ነገርኳት። ከዚያ ደጅ ጀሪካኑ አጠገብ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። መናኸሪያ ሄጄ በሚኒባስ ጨፋ ሮቢት ገባሁ።